መጅና ቋጠሮ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው በብራና መጻሕፍት ላይ ሥዕል መሣል ነበር።

ቆይ እማዋይሽ፣ አትቸኩይብኝ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል ትሥያለሽ፤ በየሥዕሉ ጥግ ላይ የሟቹን አባትሽን ሰማያዊ ጃንጥላ ታስገቢያለሽ። አሁን ደግሞ ተረቱን የጻፈው መምህር «ጃንጥላውን አውጪልኝ» ብሎሻል። «የኔታ፣ ሰው ባዘዘኝ ሥራ ውስጥ የራሴን ነገር ላስገባ ወይስ ልተው?» ነው ያልሽኝ። በአንድ ቃል ብመልስልሽ ነገ ትረሺዋለሽ። ስለዚህ አርፈሽ ተቀመጪና ስሚኝ።

ይህ ሰው እጁ የተባረከ ነበር። ቁም ጸሐፊዎች ጽፈው ሲጨርሱ ባዶ የተዉትን ገጽ ይዘውለት ይመጣሉ፤ እሱም መላእክቱን፣ ጻድቃኑን፣ ፈረሰኞቹን ይሥልበታል። ቀለሙን የምትፈጭለት ሚስቱ ነበረች። ቀዩን ከአፈር፣ ጥቁሩን ከጥላሸት፣ ቢጫውን ከአበባ እያወጣች፣ ከእፍኝ በማትበልጥ መጅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ስታደቅ ትውላለች። እየፈጨች ደግሞ አፏ አያርፍም። «የዚህ መልአክ አፍንጫ ቁርጥ የአጎትህን! ኧረ አስተካክለው፣ ሰማይ ቤት እንዳታዋርደን» ትለዋለች። እሱም እየሳቀ ያስተካክላል። ልጅ አልወለዱም፤ ቤታቸው ግን ሳቅ አጥቶ አያውቅም ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ሚስቲቱ ታመመች። ሳምንት እንኳ ሳትቆይ ሞተች።

ሰውየው ሥራውን ተወ። ብሩሽ ማየት አስጠላው። ወራት አልፈው፣ ወዳጆቹ ለምነው ለምነው ሲመለስ፣ ቀለሙን በራሱ እጅ መፍጨት ጀመረ። መጀመሪያ የሣለው አንድ ጻድቅ ነበር። ሥዕሉን ሊጨርስ ሲል ከጻድቁ እግር አጠገብ አንዲት ትንሽ ግራጫ ድንጋይ ጨመረ። የሚስቱ መጅ ናት። ለምን እንዳደረገው ቢጠይቁት አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ያለ እሷ የጨረሰው ሥዕል የለም። ፈረስ ቢሥል ከኮቴው ጎን፣ ንጉሥ ቢሥል ከዙፋኑ ሥር ያስቀምጣታል።

የሊቃውንትን ነገር መቼም ታውቂዋለሽ፤ ያልገባቸውን ሳይተረጉሙ አያድሩም። አንዱ አየና «አንድም የጌታ መቃብር ድንጋይ ነው» አለ። ሌላው «አንድም ዲያብሎስ ዳቦ አድርጋት ያለው ድንጋይ ናት» አለ። አንድ ደብተራማ እንቁላል ነው ብሎ ትንሣኤን ተረጎመበት። ሠዓሊው አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማል እንጂ አንድም ቀን አልነገራቸውም። ሚስቱ ብትሰማ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበርና ደስ ይለዋል። የሠፈሩ ሴቶች ግን ከሊቃውንቱ ቀድመው አውቀውት ነበር፤ ያቺን መጅ ስንቴ ተውሰዋታል!

በዚያው አገር አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ነበረ። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረችው። እሱ ለንግድ ርቆ ሄዶ ሳለ ፈንጣጣ ገባና ልጅቱን ወሰዳት። ሲመለስ የጠበቀው የመቃብሯ አፈር ነው። ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ለደብሩ የሚሰጥ መጽሐፍ አጻፈ፤ ከመጽሐፉ መግቢያም እመቤታችን እንድትሣል ፈለገ። መጽሐፍ ያጻፈ ሰው ከሥዕሉ እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል፤ የአገሩ ልማድ ነው። እሱ ግን ያን ቦታውን ለልጁ ለቀቀላት።

ወደ ሠዓሊው መጣና «ያዘዝኩህ ሁሉ ይግባ፤ ያላዘዝኩህ አይግባ» አለው። «ልጄን በሁለት ዓይኗ ሣላት።» በአንድ ዓይን የሚሣለው ክፉ ሰው ብቻ ነውና ይህን ማለት አያስፈልገውም ነበር፤ ሐዘንተኛ ግን የማይፈራው ነገር የለም። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ያቺ ድንጋይህ። የሚስትህ መጅ እንደሆነች ነግረውኛል፤ ነፍሷን ይማር። ነገር ግን ይህ የልጄ መጽሐፍ ነው። የሌላ ሰው ሙት አይግባብኝ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ሠዓሊው።

አፉ እሺ አለ እንጂ ሆዱ እምቢ አለ። ባለጸጋው ሲወጣ ብቻውን ተቀምጦ አሰበ። «ዛሬ ለዚህ ሰው ብዬ ብተዋት ነገም ሌላው መጥቶ ተዋት ይለኛል። እንዲህ እንዲህ ስል ልረሳት ነው። እኔ ከረሳኋት ደግሞ ማን ያስታውሳታል? ልጅ አልተወችልኝ።» ፍርሃቱ ይኸው ነበር፤ ሌላ አልነበረም። ሰው በሚወደው ሲመጡበት ተንኰል አያጣምና፣ ይህም ደግ ሰው ተንኰል አሰበ።

እመቤታችንን አሳምሮ ሣላት። ልጅቱን ግን ሁልጊዜ ልጃገረድ እንደሚሥለው አደረጋት፤ ነጭ ቀሚስ፣ ክብ ክብ ዓይን፣ የተጣጠፉ እጆች። ረፋዱ ላይ ጀምሮ እኩለ ቀን ሳይሆን ጨረሳት። ከዚያ በእመቤታችን መጐናጸፊያ እጥፋት ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ ሽምብራ የምታህል መጅ ሸሸገ። ለእሷ ደግሞ ሙሉ ቀን ፈጀባት። ታያለሽ? ለሰው ልጅ ግማሽ ቀን አልሞላም፤ ለሽምብራዋ ግን ጀምበር እስክትጠልቅ አቀርቅሮ ዋለ።

በቀጠሮው ቀን ባለጸጋው መጣ። ገጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። «እመቤታችን አምራለች» አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ ታች አወረደ።

«ይህቺስ የማን ልጅ ናት?»

«የእርስዎ ናታ፣ ጌታዬ።»

«አይደለችም።»

ሠዓሊው «በሕይወቷ አላየኋትም እኮ» ሊል ፈልጎ ተወው። ባለጸጋው አሁንም አቀርቅሮ ነበር። ልጁ ሌላ ቦታ ትኖር ይመስል ገጹን ከዳር እስከ ዳር ፈለጋት። ፍለጋው የመጐናጸፊያው እጥፋት ጋ አደረሰውና ሽምብራዋን አገኘ። ሠዓሊው አሁን ይጮኽብኛል ብሎ ጠበቀ።

ባለጸጋው ግን አልጮኸም። ድምፁ ተሰበረ። «ሚስትህን እንዴት እንደምታኖራት ታውቃለህ» አለው። «በዚህች ሚጢጢ ድንጋይ ውስጥ ከነነፍሷ አለች። እኔ ለንግድ በዞርኩበት ሁሉ ስለ እጅህ የሰማሁት ይህንን ነው። የኔን ልጅ ግን የትም ካለ ልጅ ፊት ቆርጠህ ለጠፍክልኝ። ትእዛዜን ስላፈረስክ አይደለም ያዘንኩብህ። ለሷም እንዲህ ስላላደረግህላት ነው።»

ሠዓሊው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ! ባለጸጋው የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ካራውን አነሣና ራሱ በገዛ እጁ መጇን ከብራናው ላይ ፋቃት። የሚስቱን ስም ከመቃብር ላይ የሚፍቅ ያህል ነበር የመሰለው። ቀጥሎ ያቺን የማንም ያልሆነች ልጅ ፋቀ። ከዚያም ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባውን ጠየቀ።

«ጌታዬ፣ ልጅዎ ምን ታደርግ ነበር?»

«ቆንጆ ነበረች። ጨዋ ነበረች...»

«ይህንንስ አባት ሁሉ ይላል። ምን ታደርግ ነበር?»

ባለጸጋው የጋቢውን ጫፍ ከጭኑ ላይ ስቦ አሳየው። ጫፉ ላይ ቋጠሮ አለ፤ ጠብቆ ጠብቆ ጠጥሯል። «ለንግድ ልነሣ ስል ትመጣና እዚህ ትቋጥርብኛለች» አለ። «‹አባባ፣ የምፈታው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው› ትለኛለች። ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ዘላ መጥታ በጥርሷ ትፈታዋለች። ይህ የመጨረሻው ነው። ጋቢው አድፏል፣ እጠበው ይሉኛል። እንዴት አድርጌ ልጠበው?»

ያ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ሠዓሊውም አብሮት አለቀሰ፤ የማንኛቸው ሙት እንደተለቀሰላት እግዜር ይወቀው። ሲበቃቸው ባለጸጋው ዓይኑን ጠራርጎ «ሚስትህስ?» አለ። ሠዓሊው ስለ መልአኩ አፍንጫ ነገረው። ሁለቱም ሳቁ።

ሠዓሊው እንደገና ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ ልጅቱን አልደፋትም፤ እጇንም አላጣጠፈም። አቆማት። የእመቤታችንን መጐናጸፊያ ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ስትቋጥር ሣላት። ይህን እየሠራ ሳለ፣ ከሞተች ጀምሮ አንድም ቀን እንዲያ ጥርት ብሎ ያልመጣለት የሚስቱ ድምፅ ልቡ ውስጥ መጣበት፦ «ምላሷን አውጣላት እንጂ! ልጅ ምላሷን ነክሳ ካልሆነ መቼ ትቋጥራለች?» እሱም እየሳቀ፣ እንባው እየወረደ፣ ከከንፈሯ ጥግ ጫፏ ብቅ ያለች ትንሽ ቀይ ምላስ ጨመረላት። ልረሳት ነው ብሎ የፈራት ሴት ራሷ መጥታ ሥራውን አቃናችለት።

ባለጸጋው ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ። «እሷ ናት» አለ። «እሷ ናት፣ ልጄ ናት!» ብዙ ከቆየ በኋላ ወደ እጥፋቱ ተመለከተና «ድንጋይህስ?» ብሎ ጠየቀ። «መልሳት። ልጄ እንግዳ ትወዳለች።»

«የለም ጌታዬ» አለ ሠዓሊው። «ይህ የልጅዎ ነው። የኔዋን ባላውቃት ኖሮ ስለ ልጅዎ መጠየቅ አይሆንልኝም ነበር። ለዛሬ ይህ ይበቃታል።»

እንግዲህ እማዋይሽ፣ ሠዓሊው አንቺ ነሽ። መጇ ጃንጥላሽ ናት። ባለጸጋው ደግሞ ያ ስሙን ስትጠሪ ፊትሽ የሚቀላው መምህር ነው። ላስገባ ወይስ ልተው ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ ጥያቄሽ ከወገቡ ጀመረ እንጂ ከራሱ አልጀመረም። አባትሽን አፍቅረሽ ያወጣሽው ምልክት ገጽ ለገጽ እንደ ማኅተም ይመታ ዘንድ ብቻ አልተሰጠሽም። ሌላውም ሰው ሆዱ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ እንደሚመጣ እንድታውቂበት ነው። መምህሩም ቢሆን ይህን አፍ አውጥቶ መናገር አይችልበትም፤ ስለዚህ «አውጪልኝ» ይልሻል። ሰው የራሱን ሲያጣ ያንቺን ይቃወማል።

እስቲ ልጠይቅሽ፤ ያን የጻፈውን ተረት በልጅነቱ ማን እንደነገረው ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? የት ተቀምጦ ነው የሰማው? ምን እያየ?

አልጠየቅሽውም። ገባኝ።

በይ ተነሺ፣ ልጄ። ሂጂና ጠይቂው፤ ሲነግርሽም እርሳስሽን አስቀምጪና አድምጪው። ከዚያ በኋላ ጃንጥላዋን ብታስገቢያትም ባታስገቢያትም፣ አባትሽ አይቀየምሽም።