የቆመው ሙሽራ

አንድ ጊዜ፣ ሣሩ ከጉልበት በላይ በሚያድግበት መስክ፣ አንዲት ባዝራና አንድ አህያ ጓደኛሞች ነበሩ። ባዝራ የሚሏት ሴት ፈረስን ነው። ስሟ ብልጭታ ይባላል፤ ስሙን ያወጡላት አባቷ አባ ዳማ አልተሳሳቱም። ቆማ የታየችበት ቀን የለም። ስትግጥም ትሄዳለች፣ ስትጠጣም ትሄዳለች፣ ሐሳቧ ሳያልቅ እግሯ ይነሣል።

አህያው ደግሞ ዝምታው ይባላል። እሱ አንዲት ድንጋይ ለማለፍ መጀመሪያ ያሸታታል፣ ቀጥሎ ያያታል፣ ከዚያ ትንሽ ያስብባታል።

ሁለቱ እንዴት ተዋደዱ ትሉኝ ይሆናል። ብልጭታ አንድ ቀን ሳታይ ዘላ ወንዝ ገባችና ጭቃ እስከ ሆዷ ዋጣት። ዝምታው ዳር ቆሞ ነበር።

«በቀኝ እግርሽ በኩል ድንጋይ አለ፤ እሱን ርገጪ» አላት።

«አንተ በምን አወቅህ?»

«አሽትቼዋለሁ።»

ረገጠችና ወጣች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ወደ ወንዙ አብረው ይወርዱ ጀመር። «አብረው» ማለቴ እንኳ ልክ አይደለም፤ እሷ ሽምጥ ጋልባ ትሄዳለች፣ ወንዙ ዘንድ ደርሳ ትመለሳለች፣ «ገና እዚህ ነህ?» ትለዋለች፣ ደግሞ ትሄዳለች፣ ደግሞ ወሬ ይዛ ትመጣለች። እሱ መንገዱን አንዴ ሲወርድ እሷ ብዙ ጊዜ ተመላልሳበታለች።

«አንተ፣ ዛሬ እንኳ ትደርሳለህ?»

«ምን ያስቸኩለኛል? ወንዙ የትም አይሄድ።»

«ወንዝ እኮ ሥራው መሄድ ነው!»

«እንግዲያው ሄዶ ሲደክመው ይጠብቀኛል።»

ብልጭታ በሣቅ ታሽካካና ትበራለች። ያየ ሁሉ «ነፋስና ጉቶ ምን ያወራሉ?» እያለ ይገረም ነበር። እነሱ ግን ወሬ አልቆባቸው አያውቅም።

ታዲያ አንድ ጠዋት ብልጭታ ከወንዙ እየጋለበች ተመለሰችና፣

«ሰማህ? ቦራ እሑድ ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው!» አለችው። ቦራ ማለት ከወንዙ ማዶ የሚኖር፣ ውሃ ውስጥ መልኩን እያየ የሚውል ጎረምሳ ፈረስ ነው።

ዝምታው በዕድሜው ሙሉ ተደናቅፎ አያውቅም። ያን ጠዋት ተደናቀፈ። ያውም ለጥ ባለ ሜዳ ላይ።

«ምን ሆንህ?»

«ምንም። ድንጋይ ነው።»

«የታለ ድንጋዩ?»

«አልፎ ሄደ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሣቅ ትንከባለል ነበር። ያን ቀን ግን አልሳቀችም። ቀረብ ብላ ዐይን ዐይኑን አየችው።

«እና ምን ልበል?»

«ፈጣን ነው ይሉታል» አለ፣ ጆሮውን ጥሎ።

«ፍጥነቱን ማን ጠየቀህ? አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔማ… ጓደኛሽ አይደለሁ? አንቺን ደስ ያለሽ እኔንም ደስ ይለኛል።»

«ጓደኛዬ!» አለች፤ ስድብ አስመስላ ነው ያለችው። ጋለበች። ዝምታው ቆሞ ጠበቃት፤ ሁልጊዜ ትመለሳለችና። ያን ቀን አልተመለሰችም።

ልብ በሉ፤ አንዳንድ ነገር ስሙ የሚታወቀው ሲጎድል ነው። ዝምታው ብቻውን ወንዙ ድረስ ወርዶ ውሃ ተጎነጨ። ውሃው ያው የትናንቱ ነው፤ ግን በጉሮሮው አልወርድ አለ። «ለካ ጓደኛዬ ብቻ አልነበረችም» አለ ለራሱ። አህያ ሲጨንቀው ወደ አመድ አይደል የሚሄደው? ሄዶ አመድ ላይ ተንከባለለ፣ ተነሣና ወሰነ። ከቦራ ሽማግሌዎች በፊት እሱም ሽማግሌ መላክ አለበት። አለበለዚያ ብልጭታ ማዶ ተሻግራ መቅረቷ ነው።

እዚህ ላይ የመስኩን ወግ ላስረዳችሁ። ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎቹ «ተቀመጡ» ይባላሉ፤ አይቀመጡም። «ቅመሱ» ይባላሉ፤ አይቀምሱም። «እሺ» የሚለውን ቃል እስኪሰሙ ቆመው ይለምናሉ። ላኪው ደግሞ በዚያ አካባቢ ዝር አይልም፤ ነውር ነው።

ዝምታው መጀመሪያ በሬን ለመነ። «ለአህያ? የፈረስ ልጅ? ወንድሜ፣ እርሻ አለብኝ» አለ በሬ፤ እርሻው ካለቀ ሰንብቷል። ፍየልን ለመነ። ፍየል ስቃ ስቃ ከቆመችበት ቋጥኝ ወደቀች። ወድቃም መሣቋን አላቆመችም።

ይህን ሁሉ ቀበሮ ከቁጥቋጦ ሥር ሆኖ ይሰማ ነበር።

«ሽማግሌ ጠፋ ሲባል እሰማለሁ! ምነው ዝምታው፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

«አያ ቀበሮ፣ ብቻህን አትሆንም። ሽማግሌ ቢያንስ ሁለት ነው።»

«አያ ጅቦን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ጅብን!?»

«ኋላው ዝቅ፣ ፊቱ ቀና ያለ ነው። ጋቢ ቢለብስ ዕድሜ ያጎበጠው የተከበረ አዛውንት ይመስላል። የአባ ዳማ ዐይን ደግሞ ደክሟል። አይዞህ፣ ሽማግሌ የላከውን አይበላም።»

ድንጋይ ሳያሸት የማይረግጠው ዝምታው፣ ይህን ነገር ሳያሸት ረገጠ። እሑድ ደርሶበት ነበራ!

ቀበሮው ወደ ጅቡ ዋሻ ሄደ። እሱ እንኳ የተመኘው ሌላ ነው፤ በአባ ዳማ ግቢ የሚጭሩት ዶሮዎች ናቸው። ያለ ጥርጣሬ በበሩ መግባት ፈልጓል።

«አያ ጅቦ፣ ያን አህያ ዛሬ ብትበላው አንድ ቀን ትጠግባለህ። ብትድረው ግን ሠርግ አለ። ሠርግ ላይ ምን አለ?»

«ሥጋ!»

«ማዕድ የሚቀርበው መጀመሪያ ለማን ነው?»

«ለእኔ!»

«ለሽማግሌ ነው።»

«እኔ ሽማግሌ!» አለ ጅቡ፣ ምራቁ እየተዝረበረበ። በፈረስ ሠርግ የሚበላው ሣር መሆኑን የነገረው የለም።

«በል ሁለት ነገር ያዝ። ተቀመጥ ቢሉህ አትቀመጥ። የሚሰጡህን አትብላ።»

«አልቀመጥም፣ የሚሰጡኝን አልበላም፤ አልቀመጥም፣ የሚሰጡኝን አልበላም…» ጅቡ መንገዱን ሙሉ ሲሸመድድ ሄደ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጅቡ ጋቢ ተከናንቦ፣ አባ ዳማ ግቢ ደረሱ።

«ቤት ለእንግዳ! ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ አባ ዳማ፤ አንድ ሰፊ ቁርበት አምጥተውም አነጠፉ። «አረፍ በሉ።»

«ጉዳይ አለን፤ አንቀመጥም» አለ ቀበሮ ለስለስ ብሎ።

«አልቀመጥም!» ብሎ ጮኸ ጅቡ።

«እንግዲያው ገብስ ቅመሱ።»

«የሚሰጡኝን አልበላም!»

«እኚህ ሽማግሌ ወግ አዋቂ ናቸው» አሉ አባ ዳማ በአድናቆት።

ቀበሮው ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጅዎን ብልጭታን ለልጃችን ለዝምታው እንዲሰጡልን ነው የመጣነው።»

ከአጥሩ ጀርባ የብልጭታ ጆሮ ቀጥ አለ።

«ዝምታው? ያ… ጆሮው እንዲህ…?»

«ጆሮው ረጅም ቢሆን ምክር ለመስማት ነው፣ አባ ዳማ።»

ቀበሮው እንዲህ አሳምሮ ሲናገር ጅቡ ዐይኑን ከቁርበቱ ላይ መንቀል አቃተው። ቆዳ ነው። ይሸታል። አፍንጫው ዝቅ አለ፣ ምላሱ ወጣ፤ ቀርጠፍ፣ ቀርጠፍ የሚል ድምፅ ተሰማ። አባ ዳማ ወደ ታች ቢያዩ የቁርበቱ ግማሽ የለም።

«ሽማግሌ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ተቀመጥ አሉኝ፣ አልተቀመጥኩም!» አለ ጅቡ አፉ እንደ ሞላ። «ብላ አሉኝ፣ ገብሱን አልነካሁም! መቀመጫውን አትብላ ያለኝ ግን የለም!»

ይህን ሲል ጋቢው ሸርተት ብሎ ወደቀ።

«ጅብ ነው! ጅብ!» አሉ አባ ዳማ፤ ዐይናቸው ቢደክም ኮቴያቸው አልደከመም። አንድ እርግጫ ጅቡን አጥር አሻገረው፤ የቀረችው ቁርበት እንደ ጢም ከአፉ ተንጠልጥላ ነበር። ዶሮዎቹ ዛፍ ላይ ወጡ። ቀበሮው አንዲት ላባ ብቻ ይዞ አመለጠ።

«ጅብ ሽማግሌ አድርጎ የሚልክ አማች!» አሉ አባ ዳማ። «ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጥ!»

ወሬውን ለዝምታው ያደረሰችለት ፍየል ናት፤ በሣቅ መሀል መሀል። ዝምታው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሌላ ቢሆን ከዚያ መስክ ይሰደድ ነበር። እሱ ግን እሑድ ጠዋት ተነሣ፣ መንገዱን እንደ ጥንቱ እያሸተተ ሄደ፣ አባ ዳማ ደጅ ደርሶ ቆመ።

«አንተ! ምን ቀርቶህ መጣህ?»

«ጅብ መላኬ ጥፋት ነው፣ አባ ዳማ። ራሴ መምጣቴም ነውር ነው። ግን ሽማግሌ አጣሁና ለራሴ ሽማግሌ ሆኜ መጣሁ። ልጅዎን ለዝምታው ይስጡልኝ።»

«ለመሆኑ ዝምታው ምን አለው?»

ዝምታው አሰበ። «ብዙ የለውም። ግን ይመጣል። ቶሎ ላይሆን ይችላል፤ መምጣቱ ግን አይቀርም።»

«አይሆንም! ሂድ!»

«ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይሄድም።»

«እንግዲያው እዚያው ቁም!»

አባ ዳማ ይህን ሲሉ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ረስተው ነበር። አህያን «ቁም» ይባላል?

ዝምታው ቆመ። ፀሐይ ወጣች፣ አናቱን አቃጠለችው፤ ቆመ። ዝንብ ወረረው፤ ቆመ። ደመና መጣ፣ ዝናብ ወረደ፣ ውሃው በሁለቱ ጆሮዎቹ እንደ አሸንዳ ወረደ፤ እሱ ግን አልተነቃነቀም። ዝናቡ ሲያባራ የቦራ ሽማግሌዎች፣ ሁለት ፈረሶች፣ እያለከለኩ ደረሱ።

«አባ ዳማ፣ ለቦራ ልጅዎን ሊሰጡን ነው? ቶሎ ይበሉን፤ ከዚህ ወደ ላይኛው መንደር እንሄዳለን።»

«እዚያ ደግሞ ምን አለ?»

«እዚያም ልጅ አለች። ቦራ አንዷ እምቢ ካለች ሌላዋን አምጡ ብሎናል። ቸኩሏል።»

አባ ዳማ ፈረሶቹን አዩ። ከዚያ ውሃ የሚንጠባጠብበትን አህያ አዩ።

«እንግዲያው አትዘግዩ፤ ሂዱ» አሏቸው። ፈረሶቹም መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ይኼኔ ብልጭታ ከአጥሩ ጀርባ ዘላ ወጣች። በዝምታው ዙሪያ እየጋለበች፣ ጭቃውን እየረጨች ትጮህ ጀመር።

«አብደሃል?»

«አላበድኩም። ሽማግሌ ነኝ።»

«ጅብ ላክህብኝ!»

«ቸኮልኩ። መቸኮልን ከአንቺ ነው የተማርኩት።»

ሣቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ዋጠችው። «ለምን ያን ጠዋት አልነገርከኝም?»

«እያሰብኩበት ነበር።»

«አሁንስ ጨረስህ?»

«ያን ዕለት አንቺ ሳትመለሺ ስትቀሪ ጨረስኩ። ውሃው በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።»

ብልጭታ ፍጥነቷን ቀነሰች። አንድ ዙር ሶምሶማ ዞረች፣ አንድ ዙር በእርምጃ ዞረች። ከዚያ መጥታ ትከሻዋን ከትከሻው አስጠግታ ቆመች። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ዐረፈ፤ አላባረረችውም። ኮቴዋ ከመሬት አልተነሣም።

«ብልጭታ፣ ግቢ!» አሉ አባቷ።

«አልገባም። እኔም ሽማግሌ ነኝ።»

«የማን ሽማግሌ?»

«የራሴ።»

አባ ዳማ የልጃቸውን እግር አዩ። ይህችን ልጅ ከተወለደች ጀምሮ «እስቲ አንድ አፍታ ቁሚ» ያላላት ዘመድ የለም፤ ማንም አልሆነለትም። እነሆ ማንም ቁሚ ሳይላት ቆማለች። 

«እሺ» አሉ በዝግታ።

«ምን አሉኝ?» አለ ዝምታው፤ ያን የሚያህል ጆሮ እያለው። ቃሉን ደግሞ ሊሰማው ፈልጎ ነው።

«እሺ አልኩ! በሉ እንግዲህ ተቀመጡ!»

በምን ላይ ይቀመጡ? ቁርበቱ ተበልቷል! ሦስቱም እርጥብ ሣሩ ላይ ዘፍ አሉና ሣቅ ገነፈለባቸው። ዝምታውም የዕድሜ ልክ ዝምታውን በአንድ ጊዜ አወጣው። ሲያናፋ ማዶ ያለው ተራራ መልሶ አናፋለት።

ሠርጉ ላይ ገብስና ሣር ተበላ። ቀበሮና ጅብ አልተጠሩም። በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱ ወደ ወንዙ ወረዱ። ብልጭታ ጋልባ ሄዳ ተመለሰች፤

«ገና እዚህ ነህ?»

«እዚሁ ነኝ» አላት።

ሲከርም ልጅ ወለዱ፤ በእናቷ እግር የምትፈጥን፣ በአባቷ ጆሮ የምትሰማ፣ ገደል አፋፍ ላይ ግን አሽትታ የምትረግጥ በቅሎ። ሌሎች በቅሎዎች «አባትሽ ማነው?» ሲባሉ «አጎቴ ፈረስ ነው» እያሉ ነገር ያዞራሉ አሉ። እሷ ግን አገጯን ቀና አድርጋ «አባቴ ያ የቆመው ነው!» ትል ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ሁለት ልቦች የሚገጥሙት እርምጃቸው ስለተስተካከለ ሳይሆን ፈጣኑ ለመመለስ፣ ዘገምተኛውም ለመድረስ ሲጨክን መሆኑን፣ የልብን ቃል ደግሞ በአያ ጅቦ አፍ ከመላክ በራስ እግር ቆሞ መናገር እንደሚሻል ነው።