ሐረጎን የወረደችው ሚሌ ቼንቶ

ባል ሚስቱን ጎረቤት ሰላም እንዳትል ሲከለክል፣ እናት ለዳረቻት ልጇ በየማለዳው እየደወለች ምን እንደበላች ስትጠይቅ፣ ነጋዴ የሱቁን ቁልፍ ለገዛ ወንድሙ እንኳ አላምንም ሲል፣ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከተቀመጡት አንዱ አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። የሰማ ሁሉ ይስቃል። አባባሏ ከየት እንደመጣች የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የሚያውቁትም ቢሆኑ አተራረካቸው አይገጥምም፤ አንዱ ዝናብ ይጨምርበታል፣ ሌላው ሙሽራዋን ያስለቅሳታል። ማንን ማመን እንዳለበት ሰሚው ይጨነቅ። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ፍሬኑ ነው።

ይመር መካኒክ ነበር። ከአባቱ የወረሳት የወተት ቀለም ያላት አሮጌ የጣሊያን መኪና፣ ሚሌ ቼንቶ፣ ነበረችው። ደሴ ውስጥ ስንት አዲስ መኪና እያለ ሙሽሮች የሚመርጡት እሷን ነበር። ይሁን እንጂ ይመር ጠጋኝ እንጂ ነጂ አልነበረም፤ መሪ ሲይዝ እጁ ይከብዳል። የሚነዳለት ጓደኛው አራጋው ነው። አራጋው መኪና ሲያቆም ሙሽራዋ የያዘችው ወተት ከብርጭቆው አይፈስም ይባልለት ነበር።

ይመርን ያንገበገበው ይኸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመኪናዋ ሥር ተጋድሞ፣ የየጎማውን ታምቡር አውልቆ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመውን ሸራ ማለቅ አለማለቅ በጣቱ ዳስሶ ፍሬኗን የሚያስተካክለው እሱ ነው። እሁድ የሚጨበጨበው ግን ለአራጋው ነው። ይባስ ብሎ ሰዉ መኪናዋን «የአራጋው ሚሌ ቼንቶ» ማለት ጀመረ። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ዳቦ ቤት በር ላይ፣ «አንተ የአራጋውን መኪና የምታጥበው አይደለህም?» ብትለው ዳቦውን ሳይገዛ ተመለሰ።

አራጋው ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። ሙሽራ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሐረጎ ጫፍ ላይ ይቆማል። ይወርድና አራቱንም ጎማ በእጁ ጀርባ ዳሰስ ዳሰስ እያደረገ ይዞራል። የጋለ ካገኘ ሳይበርድ ንቅንቅ አይልም። አጃቢው፣ «መኪናዋን እየባረካት ነው!» እያለ ያጨበጭብለታል። ይመር ይህን ባየ ቁጥር ጥርሱን ያፋጫል። ልማዱን ለአራጋው ያስተማረው ራሱ ነበራ።

እንዲህ እንዳለ የገዛ ልጁ ሰአዳ ለኮምቦልቻ ልጅ፣ ለጀማል፣ ታጨች። ይመር ለማንም አልተናገረም እንጂ ልጁ ቀርባ «አባዬ፣ አንተ ንዳኝ» እንድትለው ሲጠብቅ ሰነበተ። ሰርጉ ሲቃረብ ግን ሰአዳ ምሳ ላይ፣

«ጋሽ አራጋውን ነግራችሁታል አይደል? እሱ ካልነዳኝ አልሄድም» አለች።

ይመር ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። «የማን መኪና ናት?»

«ያንተ ናት አባዬ። ግን አንተ ስትነዳ አንገቴን ያመኛል።»

ቤተሰቡ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አብልጠው የሳቁት አማቱ እማ ከድጃ ነበሩ።

«የምነዳሽ እኔ ነኝ፤ አለቀ!» አለና ይመር ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ።

የሰርጉ ዕለት ማለዳ ታምቡሮቹን ሲከፍት ሸራዎቹ ሳስተው አገኛቸው። መለወጥ ነበረባቸው። አዲሱ ሸራ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ያመጣው ግን አራጋው ነበር። ይመር አየው፣ ፊቱን አዞረ። ዛሬ ከአራጋው እጅ የመጣ ነገር በዚህች መኪና ውስጥ አይገባም። ያለቀውን በማጥበቅ አካክሰዋለሁ አለ በልቡ።

ሥራውን እጁ ያውቀዋል። ጎማውን በክሪክ ያነሣል፣ ከታምቡሩ ጀርባ ያለውን ማስተካከያ በቁልፍ እያዞረ ጎማው አልዞር እስኪል ያጠብቃል። ቀጥሎ መልሶ ያላላል፤ ጎማው በእጅ ሲገፋ እንደልቡ እስኪዞር፣ ሸራው ታምቡሩን ነካ ብቻ አድርጎ «ሽ… ሽ…» እስኪል ድረስ። ያ ድምፅ ከተሰማ ፍሬን ተስተካከለ ይባላል።

አጥብቆ ሊያላላ ሲል ከግቢው በር እልልታ ፈነዳ። «ሾፌሩ መጣ! ሾፌሩ መጣ!» አራጋው ሱፍ ለብሶ ሲገባ ሴቶቹ ከበቡት። የይመር እጅ ቁልፉ ላይ ደረቀ። አላላው፣ ግን ለስሙ ያህል። ጎማው ሲገፋ እያቃሰተ ዞረ። «ዛሬ ገና ፍሬኑን ስነካው ቀጥ ትላለች» አለ ለራሱ፣ «ያን ጊዜ የማን እጅ እንደሆነ ያያሉ።» የቀሩትንም እንዲሁ አደረጋቸው።

አራጋው መጥቶ ቁጢጥ አለና አንዱን ጎማ ገፋው። ጎማው ግማሽ ዞሮ ቆመ።

«ይመር፣ ይቺ ታንቃለች። ትንሽ አላላት።»

«አንተ ልታስተምረኝ?»

«ያስተማርከኝን ነው የምነግርህ።»

«ተነሥ፣ ሱፍህ ይቆሽሻል። ሙሽራዋን የምነዳው እኔ ነኝ። አንተ ዘፋኞቹን በሚኒባሱ ጫን።»

አራጋው ሱፉን እያራገፈ ተነሣ። «እሺ፣ ልጅህ ናት። ብቻ ሐረጎ ጫፍ ላይ ቁምና ዳስሳት።»

ከኋላ ሰአዳና ጀማል ተቀመጡ። እማ ከድጃ «የልጅ ልጄን ደጃፏ ሳላደርስ!» ብለው ከይመር ጎን ገቡ። ከተማ ውስጥ አንድ ጋሪ ሲያቋርጥ ይመር ፍሬኑን ነካ ቢያደርገው መኪናዋ ቀጥ አለች። የእማ ከድጃ ሻሽ ዓይናቸው ላይ ወረደ።

«አዩ?» አላቸው በኩራት። «እንዲህ ነው ፍሬን!»

«አንተ ሰው፣ ማቆምማ ግድግዳም ያቆማል» አሉ ሻሻቸውን ወደ ላይ እየገፉ።

ከከተማ ሲወጡ መኪናዋ ሰነፈች። ይመር ነዳጅ ጨመረ፤ እሷ ግን በሬ ከኋላ የሚጎትታት ይመስል ከበዳት። ቆየት ብሎ እማ ከድጃ አፍንጫቸውን አነሡ።

«አንድ ነገር አርሯል።»

«ከሜዳው ነው። ገበሬ ገለባ እያቃጠለ ይሆናል።»

«ገለባስ እንዲህ አይሸትም። ይሄ የጎማ ጫማ እሳት ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው።»

ይመር ሽታውን ያውቀዋል። ሸራ ነው። መስኮቱን ዘጋው።

ሐረጎ ጫፍ ላይ ሚኒባሱ ቀድሞ ቆሟል። አጃቢው ወርዶ እየጨፈረ ነው። አራጋው ከመንገዱ ዳር ቆሞ የእጁን ጀርባ እያሳየ፣ ቁም፣ ዳስስ እያለ ይጠቁመዋል። ይመር እግሩን ከነዳጁ ሊያነሣ ሲል በዓይነ ኅሊናው አራጋው ሲጎነበስ፣ ሰዉ ሲያጨበጭብ፣ «ባረካት!» ሲባል ታየው። የልጁም ሰርግ የአራጋው ሊሆን ነው። ጥሩንባውን ነፋና አለፈ።

የመጀመሪያውን ኩርባ በደህና ዞረ። ሁለተኛው ላይ ፔዳሉ ዝቅ ብሎ ያዘ። ቀጥሎ ሲረግጠው እርጎ የረገጠ ያህል ከወለሉ ገባ። ይመር የሆነውን ወዲያው አወቀ። ታምቡሮቹ ከግቢው ከወጡ ጀምሮ ታሽተው ጋሉ፤ ሲግሉ ሰፍተው ከሸራው ሸሹ። መንገዱን ሙሉ ሳይጠሩት ይዞ የመጣ ፍሬን፣ አሁን ሲጠሩት የለም። ማርሽ ቀነሰ። ሞተሩ አጓራ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ትንሽ ያዘና ለቀቀ።

«አባዬ፣ ቀስ በል እንጂ» አለች ሰአዳ።

«እሺ ልጄ» አለ፣ የእጅ ፍሬኑን ዳግም እየሳበ።

ከኋላ ጥሩንባ ተሰማ። ሚኒባሱ ነው፤ ከጎማዎቹ የሚወጣውን ጭስ አራጋው አይቶ እየበረረ ይከተላል። ይመር በመስታወቱ ሲያየው ልቡ ያለ ጊዜው፣ «እዚህም ሊቀድመኝ!» አለ። መሪውን ወደ መሐል መንገድ ዞር አደረገና ዘጋበት።

«ያረቢ!» አሉ እማ ከድጃ።

«አባዬ፣ አሳልፈው! ጋሽ አራጋውን አሳልፈው!»

ይመር በመስታወቱ ውስጥ ከአራጋው ወደ ልጁ ዓይኑን ዝቅ አደረገ። የሰአዳ ከንፈር ነጭ ሆኗል፤ የጀማልን እጅ ሳይሆን የእሱን ወንበር ጀርባ ነው የጨበጠችው። መሪውን ወደ ዳር ለቀቀ።

ሚኒባሱ አልፎ ከፊቱ ገባ። አራጋው ቀስ በቀስ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ የሚሌ ቼንቶዋ አፍንጫ የሚኒባሱን ቂጥ «ጓ!» አድርጎ ነካ። ነክቶም አልተለየ። ሁለቱ መኪኖች እንደተደጋገፉ ወረዱ፣ ዝግ አሉ፣ ገደሉን በግራ ትተው ከቀኙ የአፈር ቁልል ጎን ቆሙ። ዘፋኞቹ ከበሮውን ታቅፈው ፀጥ ብለዋል።

አራጋው ወርዶ መጀመሪያ ወደ ጎማው ሄደ። የእጁን ጀርባ አስጠጋ፣ ሳይነካው መለሰው። ያጨበጨበ የለም። ከዚያ ወደ ይመር መስኮት መጣ። ይመር ፊቱ በላብ ርሷል፤ እግሩ እስከ ጥጉ የገባውን ፔዳል እንደረገጠ ነው።

«አብሽር። ልቀቀው እንግዲህ፣ ቆማለች» አለው አራጋው።

ይመር እግሩን በቀስታ አነሣ። ቁልፉን ነቅሎ በመስኮቱ ዘረጋለት። «ውሰዳት። ልጄን አንተ አድርስልኝ።»

«አሁን? አሁንማ እኔም አልነዳትም። ትብረድ። ስትበርድ ወርደህ ታላላታለህ፣ ከዚያ አብረን እናደርሳታለን።»

ይመር ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተ። ወርዶ ከአራጋው ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሰአዳ ቀሚሷን ሰብስባ መሐላቸው ገባች። ጭሱ እየሳሳ ሲሄድ አህያውን እየነዳ ሽቅብ የሚወጣ አንድ መንገደኛ ደረሰና፣ ያጌጠችውን መኪና፣ ሙሽራዋንና ዝም ያሉትን ዘፋኞች ተራ በተራ እያየ፣ «ምነው በደህና? ፍሬን አልነበራትም እንዴ?» ሲል ጠየቀ። እማ ከድጃ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ አማቻቸውን በጎን አየት አደረጉና መለሱለት፦ «ኧረ ነበራት ልጄ፤ ግን አጥብቆ የያዘ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ይለቃል።»