ዝሆን በሆዱ ያሳደራት ወፍ

"ተረቴን ላምጣላችሁ?"
"አምጣልን!"
"ብታንቀላፉ ይዤው እመለሳለሁ።"
"አናንቀላፋም!"

እንግዲያው ስሙ። ኮምፒውተር ቁም ሣጥን ያክል በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር የጎርፍ መጠበቂያ ቤት ነበረ። በዚያ ቤት ኮምፒውተር ውስጥ አያ ዝሆን ይኖር ነበር። አያ ዝሆን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ጉልበታም ነው፣ ፈጣን ነው፤ የወንዙ ንግግር ግን አይገባውም። ወንዙ ባጉረመረመ ቁጥር ይቁነጠነጣል። "አሁን ምን አለ? ታች ያሉትን ሰዎች ቢወስዳቸውስ?" እያለ አንድ ቦታ መቆም ያቅተዋል።

አንድ ቀን እመት ወፊት መጣች። እሷም የፕሮግራም ቋንቋ ናት፤ ቀላል፣ ለፍላፊ፣ የወንዝ ንግግር አስተርጓሚ።

"ሆዴ ሰፊ ነው" አላት አያ ዝሆን። "ግቢና ኑሪ፤ ወንዙ ያለውን ንገሪኝ።"

"እሺ፤ ስትፈልጉኝ በራፌ ላይ ቆማችሁ 'ቤቶች!' በሉ፤ ይበቃኛል።"

ገባች፤ በሆዱ ውስጥ ጎጆዋን ቀለሰች። የአያ ዝሆን አካላት በየተራ ይጠሯታል፦ ኩምቢ ይሄድና "ቤቶች! ውሃው የት ደረሰ?" ይላል። ጆሮ ይሄድና "ቤቶች! ላይኛው አገር ዘነበ?" ይላል። ጅራት ይሄድና "ቤቶች! የማስጠንቀቂያውን ደወል ልደውል?" ይላል። ለሁሉም ትመልሳለች። አያ ዝሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለ።

ምን ያደርጋል! ወፊት ላባዋን ቀየረች፤ የፕሮግራም ቋንቋ ሲታደስ እንዲህ ነው። "በአገሬ ሽማግሌዎች ተመካክረው ወጉን ለውጠዋል። ከእንግዲህ 'እንዴት አደርሽ' ሳይለኝ ለሚጠራኝ አልከፍትም" አለች። ኩምቢ ተማረ፣ ጆሮ ተማረ፣ ጅራትም እያጉረመረመ ተማረ።

ደግሞ ላባዋን ቀየረች። "የሄደውንና ያልሄደውን መለየት አቃተኝ፣ ቤቴም በእንግዳ ተጨናነቀ። ስትወጡ 'ደህና ሁኚ' በሉ" አለች። ኩምቢ ተማረ፣ ጆሮ ተማረ፣ ጅራት አንዴ ይላል አንዴ ይረሳል።

አሁንም ላባዋን ቀየረች። "አንዱ ሳይወጣ ሌላው አይግባ" አለች።

አያ ዝሆን ቱግ አለ። "በገዛ ሆዴ ወግ ታወጪብኛለሽ? ውጪልኝ!"

"ብወጣ ወንዙ ያለውን ማን ይነግርሃል?"

ቁጣውን ውጦ ተዋት።

አዲሱን ወግ ሁሉም ሳይለምዱት ወንዙ ጮኸ። ኩምቢ ሮጠ፣ ጆሮ ሮጠ፣ ጅራት ሮጠ፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ በሩን ደበደቡ። አንዱ "ቤቶች!" ይላል፣ አንዱ "እንዴት አደርሽ" ይላል፣ ጅራትማ "ልደውል ወይ? ልደውል ወይ?" ብቻ ይላል። ከውስጥ ድምፅ የለም። እልኸኛ ሆና አይደለም፤ ያለ ወጉ የመጣ ጥሪ ለእሷ ነፋስ ነው፣ አይሰማትም።

ወንዙ ደግሞ ጮኸ። አያ ዝሆን "ዝም በሉ! ሁላችሁም ወደ ኋላ!" ብሎ ራሱ በሩ ላይ ቆመ። "ቤቶች! እንዴት አደርሽ እመት ወፊት? ወንዙ ምን አለ?" አለ።

"መጣሁ ነው የሚለው! ደውሉ!"

"ደህና ሁኚ!" አላት፤ ጅራትም ደወለ። ሰዎቹ ልጆቻቸውን አዝለው ጉብታው ላይ ወጡ፤ ውሃው በእግር በእግራቸው ተከተላቸው። ሰው ተረፈ። ደወሉ ስለዘገየ በረት ውስጥ የታሰሩት ጥጆች ግን አልተረፉም። እናቶቻቸው ጉብታው ላይ ሆነው ሲጮኹ አያ ዝሆን ሰማ፤ አፈረ፣ አለቀሰም።

"ጥፋቱ የወፊት ነው" አለ ጅራት።

"የእኔ ነው" አለ አያ ዝሆን። "አንዲትን እንግዳ ሦስታችሁም በየፊናችሁ እንድትጠሯት የተውኩ እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ በሯ ላይ የሚቆመው ጆሮ ብቻ ነው። ኩምቢም ጅራትም የምትፈልጉትን ለጆሮ ንገሩ። ወጓ ሲለወጥ ጆሮ ይማር።"

ወፊት ላባ መቀየሯን መቼ ትታ! ጥቂት ቆይታ "ከእንግዲህ ጫማ አውልቃችሁ ግቡ" አለች። ጆሮ አንገቱን ነቀነቀ፣ ተማረ። ኩምቢ ወሬውንም አልሰማ። ጅራት ደወሉ ሥር ተቀምጦ "ጆሮ፣ ልደውል?" ይላል፤ ጆሮም ይመልስለታል።

አያ ዝሆን ግን ወንዙ ባጉረመረመ ቁጥር ዛሬም ይቁነጠነጣል። ይቁነጥነጥ፤ የጥጆቹን እናቶች ጩኸት የሰማ እንዴት ይተኛል?

ተረቴን ጨረስኩ፣ ቁም ነገሩን እናንተ ያዙ፦ እንግዳ ወጉን ቢለዋውጥ አይፈረድበትም፤ ሁሉም በረኛ የሆነበት ቤት ግን ጎርፍ ሲመጣ በሩ አይከፈትለትም።