ከደረቅ መደብ አልወጣም ያለው ችግኝ

ጆሮ ያለው ያዳምጥ፣ የቆመም ይቀመጥ፤ ዘሐራ የምትባል ሴት ነበረች። የምትሻው ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ ከመስኮት ሥር የሚተከል አንድ ካርቶን ሐምራዊ አበባ። አባቷ አባባ ይመር እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ አልጋቸው ከመስኮቱ አጠገብ ነው። ከመስኮቱ ውጪ ያለው ግን ባዶ መሬትና የጎረቤት የብሎኬት አጥር ስለሆነ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያርሱ የኖሩት ሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዝም አሉ። እንዴት አደሩ ሲባሉ "ደኅና" ይላሉ፤ ከዚያ ሌላ ቃል አይወጣቸውም።

የከተማው መናፈሻ ክረምቱ ሲወጣ ተክሎ የተረፈውን ችግኝ ይሸጣል። ዘሐራ ወሬውን የሰማችው በመጨረሻው ቀን ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ያልተሸጠው ሁሉ ተገልብጦ ብስባሽ ጉድጓድ ይገባል። ካርቶኗን ይዛ ገሰገሰች።

ሻጯ አያልነሽ ችግኙን ከደረቀው መደብ ሳብ አደረገችው፤ ንቅንቅ አላለም።

"እህቴ፣ አልወጣ አለ። በግድ ብስበው ሥሩ ይበጠሳል።"

"ለምን አልወጣም አለ?"

"እኔን ከምትጠይቂ እሱን ጠይቂው!"

ዘሐራ ነገር ሁሉ በተራው እንዲሄድ የምትወድ ሴት ናትና ጎንበስ ብላ ጠየቀችው። ችግኙም "አፈሩ ካልላላ አልወጣም" አላት።

"አፈር ሆይ፣ ላላ፤ ችግኙ አልወጣም ብሏል፣ አባቴም ፊታቸውን አላዞሩም።"

አፈሩ "ማጠጫው ካላጠጣኝ አልላላም" አለ።

"ማጠጫ ሆይ፣ አጠጣ፤ አፈሩ አልላላም ብሏል፣ ችግኙ አልወጣም ብሏል፣ አባቴም ፊታቸውን አላዞሩም።"

ማጠጫው ሆዱን ኳ ኳ አድርጎ አሰማት። "በባዶ ሆዴ? ቧንቧው ካልሞላኝ አላጠጣም።"

"ቧንቧ ሆይ፣ ሙላ፤ ማጠጫው አላጠጣም ብሏል፣ አፈሩ አልላላም ብሏል፣ ችግኙ አልወጣም ብሏል፣ አባቴም ፊታቸውን አላዞሩም።"

ቧንቧው "ተቆልፎብኛል፤ ቁልፉ ካልከፈተኝ አልሞላም" አለ።

ቁልፉ በጥበቃው በጋሽ ከማል ቀበቶ ላይ ተንጠልጥሏል። "ቁልፍ ሆይ፣ ክፈት፤ ቧንቧው አልሞላም ብሏል፣ ማጠጫው አላጠጣም ብሏል፣ አፈሩ አልላላም ብሏል፣ ችግኙ አልወጣም ብሏል፣ አባቴም ፊታቸውን አላዞሩም።"

ቁልፉ "እርሳቸው ካልተነሱ ወዴት እሄዳለሁ?" አለ።

ጋሽ ከማል ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያልተከፈተ ምሳ ዕቃ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ይነሱልኝ፤ ቁልፉ አልሄድም ብሏል፣ ቧንቧው አልሞላም ብሏል፣ ማጠጫው አላጠጣም ብሏል፣ አፈሩ አልላላም ብሏል፣ ችግኙ አልወጣም ብሏል፣ አባቴም ፊታቸውን አላዞሩም።"

"ልጄ፣ ምሳዬን ሳልበላ አልነሳም።"

"ታዲያ ይብሉ!"

"ያለ ሸዋረጋ? ያለ እሱ እህል ከጉሮሮዬ አይወርድም።"

"ይጥሯቸዋ!"

"እሱን? ትናንት ዳማ ስንጫወት 'ቆርኪ ሰረቅህ' ያለኝን? ሞቼ ነው!"

ሣር አጫጁ ጋሽ ሸዋረጋ ከመስኩ ማዶ ጀርባቸውን ሰጥተው ማጭዳቸውን ይስላሉ። ዘሐራ እየሮጠች ደረሰች።

"ጋሼ፣ ወደ ምሳው ይሂዱልኝ፤ ጋሽ ከማል አልበላም ብለዋል፣ ቁልፉ አልሄድም ብሏል፣ ቧንቧው አልሞላም ብሏል፣ ማጠጫው አላጠጣም ብሏል፣ አፈሩ አልላላም ብሏል፣ ችግኙ አልወጣም ብሏል፣ አባቴም ፊታቸውን አላዞሩም።"

"የተጣላ ሰው ዘው ብሎ ማዕድ ላይ ይቀርባል? ሰው ምን ይለኛል? ሽማግሌ ይላክብኝ!"

ዘሐራ ዞር ብላ አየች። በሩ ሊዘጋ ነውና አያልነሽ የዳር ዳሩን መደብ መገልበጥ ጀምራለች።

"እንግዲያውስ ሽማግሌዋ እኔ ነኝ" አለች።

"አንቺ? ሽበት የሌለው ሽማግሌ የት አገር ታየ?"

ዘሐራ ለባሏ እንኳ አሳይታ የማታውቀውን አሳየች፤ ሻሿን ከጆሮዋ በላይ ገለጥ አደረገች። ጋሽ ሸዋረጋ ዓይናቸውን አጥብበው ተጠጉ።

"ኧረ ነጭ ነው!"

"ይበቃል ወይስ ልጨምር?"

"ይበቃል፣ ይበቃል! የከበረ ሽማግሌ ነው የመጣብኝ!"

ከዛፉ ሥር በሁለቱ መካከል ተቀመጠች። "አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም" ብላ ሥርዓት አወጣች።

"ቆርኪዬን ሰርቋል" አሉ ሸዋረጋ።

"አልሰረቅሁም! ጉልበቴ ገፍቶት ይሆናል።"

"ጉልበትህ ሁልጊዜ ስትሸነፍ ነው የሚገፋው?"

ሽማግሌዋ ሳቋን ዋጠች። "ጨዋታው እንደ አዲስ ይጀመር፤ እናንተም ታረቁ።"

"አፉ በለኝ" አሉ ከማል።

"አፉ ብያለሁ። አንተም አፉ በለኝ።"

ያን ጊዜ ሸዋረጋ ቀረቡ፣ ከማል ጎረሱ፣ ሽማግሌዋንም አጎረሱ፤ ከማል ተነሱ፣ ቁልፉ ሄደ፣ ቧንቧው ሞላ፣ ማጠጫው አጠጣ፣ አፈሩ ላላ፣ ችግኙም ሥሩ ሳይበጠስ ብቅ አለ! ዘሐራ ከፍላ፣ ችግኝ የሞላ ካርቶኗን ታቅፋ ወደ ቤቷ በረረች።

ሳይመሽ ከመስኮቱ ሥር ተንበርክካ፣ በክር እየለካች፣ አጠጋግታ በቀጥታ መስመር ተከለችው። የመጨረሻውን አፈር ስትጫን ከላይዋ አልጋው ሲንቋቋ ሰማች።

"ዘሐራ!"

ቀና ስትል አባቷ በክርናቸው ተደግፈው በመስኮቱ ወደ ታች ያያሉ።

"ይህ ምን ዓይነት አተካከል ነው? እንዲህ ተጠጋግቶ ሥሩ ወዴት ሊሄድ ነው? በይ ንቀይና አራርቀሽ ትከይው! ያቺኛዋን ወደዚህ... አይደለም፣ ወደዚህ!"

"እሺ አባባ" አለች ዘሐራ፤ እየሳቀችም ሁሉንም ነቀለችው።