ቡሊትና ቁልፍ የሌለው ጨዋታ

አንድ ጊዜ እመት ቀበሮ ከጫካው ዳር ጌም ቤት ከፈተች። ቴሌቪዥኑን ከገበያ ድረስ በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችው ቡሊት የምትባል አህያ ነበረች፤ ጨዋታው ሲጀመር ግን የቡሊት ቦታ በሩ ላይ ሆነ። ጆይስቲኩን አልሰጧትም አይባልም፣ ሰጥተዋታል። ምን ያደርጋል፣ ሰኮናዋ አንዱን ቁልፍ ልጫን ሲል አራቱን አንድ ላይ ይጫናል። ሊጫወቱ የመጡት ጦጣዎች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት በሩ ላይ ቆማ የሌሎችን ጫጫታ ትሰማለች። ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ብቸኝነቱ እስከዛሬ ከተሸከመችው ጭነት ሁሉ ከበዳት።

አንድ ቀን ቀበሮ ደንበኞቿ እንዳይሰለቹ ብላ አዲስ ነገር አመጣች። ቁልፍ የሚባል የለውም። ካሜራ አለው፤ ከፊቱ ቆመው ሲዘሉ በስክሪኑ ላይ ያለው ምስልም ይዘላል፣ ሲራገጡ ይራገጣል። መራገጥማ የማን ሙያ ሆነና! ቡሊት ገብታ የስክሪኑን ኳስ በኋላ እግሯ ስትለጋት ጎል ሆነች። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ያን ቀን ሁሉም በስሟ ጠሯት፤ አንዷ ጦጣም «ነገም ትመጫለሽ አይደል?» አለቻት። ቡሊት መንገዱን ሙሉ ይህችን ቃል ለራሷ እየደጋገመች ሄደች።

ደስታዋ ሳምንት አልሞላም። አዲሱ ጨዋታ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ አንዱ ሲጫወት ሌላው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ጦጣዎቹ ወገባችንን አመመን አሉ። አያ ጅቦማ ጭራሽ አኮረፈ። ካሜራው አነካከሱን አያውቅለትም፤ እሱ ሲሮጥ በስክሪኑ ላይ ያለው ቆሞ ይቀራል። በዚያ ላይ መዝለል እንደሚያስርበው በየደቂቃው ይናገራል። ቀበሮም ዕቃውን ሣጥን ውስጥ መልሳ ከተተችው።

በማግስቱ ቡሊት ስትመጣ ሁሉም ተቀምጠው ቁልፍ ይጫናሉ። ያባረራት የለም፤ ቀና ብሎ ያያትም የለም። ያ ጨዋታ የት ገባ ብላ ብትጠይቅ ቀበሮ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣ «ካንቺ በቀር የፈለገው የለም» አለቻት።

ወጥታ ሜዳው ላይ ብቻዋን ስትራገጥ አያ ጅቦ ከኋላዋ መጣ።

«ቡሊት» አላት ድምፁን አለስልሶ፣ «ያ ማሽን የእኔን አሯሯጥ አያውቅም። ከጫካው ማዶ ግን ሰፊ ሜዳ አለ። ነይ፣ ሩጫ እንጫወት።»

ጅብ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ እናቷ መጀመሪያ ያስተማረቻት እሱን ነው። ግን ያን ቀን በስሟ ጠርቶ ነይ እንጫወት ያላት እሱ ብቻ ነበር።

«እሺ አያ ጅቦ፣ ቀስ ብለህ ግን» አለችና ተከተለችው።

ከዚያ በኋላ በሩ ላይ የሚቆም ስለሌለ ጌም ቤቱ ውስጥ ነፋስ ይገባ ጀመር። ጦጣዋ በሩን ዞር ብላ አየችና፣ «ያቺ እዚህ ትቆም የነበረችው፣ ስሟ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም ቁልፋቸውን መጫን ቀጠሉ። ራበኝ ማለት የማይሰለቸው አያ ጅቦ ብቻ ያን ሰሞን ራበኝ አላለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ለሁሉም እጅና እግር እኩል የሚመች ጨዋታ ባይገኝም፣ በር ላይ የቆመን ጓደኛ ተራ በነፈግነው ዕለት ለጅብ አሳልፈን የሰጠነው እኛው መሆናችንን ነው።