እድር ያለው ሰው

ስሙኝማ! ጋሽ ዘርጋው አምስት ሠራተኛ ያላቸው የዳቦ ቤት ባለቤት ናቸው። አንዷ ሊጥ አቡኪ፣ ምላሷ ምላጭ ነው፣ ምድጃው እጇን ቢያቃጥላት «ጋሼ፣ የጤና ኢንሹራንስ ይግቡልን» አለቻቸው።

«ኢንሹራንስ? ዋጋውን ሰምተሻል? ዳቦ ቤቱን ያስዘጋኛል! ደሞ ሁላችሁንም እድር አስገብቻችሁ የለ? እድር ያለው ሰው ምን ይፈራል?» ብለው ደረታቸውን ነፉ።

በሳምንቱ እሳቸውን ቁርጠት ያዛቸው። ያ ሁሉ ሆድ ዱቄቱ ላይ ተንከባለለ። «ወይኔ ሞትኩ! ኧረ ሰው ጥሩልኝ!»

ልጅቷ ስልኳን እንደያዘች ጎንበስ አለችላቸው።

«አይዞዎት ጋሼ፣ ጠርቻለሁ።»

«ሐኪም ነው?»

«ኧረ የእድራችን ዳኛ ናቸው! ድንኳኑን አስጭነው እየመጡ ነው።»