ያልተቀየረው ዕቃ

የወረዳው ገዢ ቀኛዝማች አጥናፉ አሮጌ መኪናቸው እያነጠረች ወገባቸውን ብትጨርሰው፣ በምላሰኛነቱ የሚታወቀውን መካኒክ አስጠሩ። እሱም ከሥሯ መንገጫገጭን የሚያበርደውን ያለቀ ባሌስትራና አሞርዛተር በሙሉ አውጥቶ በአዲስ ተካላቸው። ቀኛዝማች ደስ ብሏቸው ሹማምንቱን አሳፍረው፣ መካኒኩንም ከኋላ አስቀምጠው ወጡ። ገና ከግቢው በር ራቅ እንዳሉ ግን መኪናዋ ጉድጓድ ገብታ ስትወጣ የቀኛዝማች ራስ ከጣሪያው ጋር ተላተመ። ሹማምንቱ ሳቃቸውን ዋጡ።

ቀኛዝማች በቁጣ ዞረው፣ «አንተ ሌባ፣ ሳትቀይር የተውከው አሮጌ ዕቃ አለ። አሁኑኑ ካልተናዘዝክ ወህኒ ትወርዳለህ» አሉት።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ፣ «እውነት ነው ጌታዬ፣ ሁለት ነገር አልቀየርኩም። አንዱ መንገዱ ነው፤ እሱን መቀየር የእርስዎ ሥራ ነው። ሌላው እርስዎ ነዎት፤ ያ ደግሞ የጃንሆይ ሥራ ነው» አላቸው።